ሐሙስ የጠራሁት ደቦ

ሁለት ጋን ጠላ፣ አንድ እግር የኮንጎ ጫማ፣ የግራ እግሬ የአውራ ጣት ጥፍርና ስሜ። ያ ደቦ በጠቅላላው ያስወጣኝ ይኸው ነው። በትክክል ለመናገር ጠላው የእናቴ ነበር፤ ጫማውም ከታላቅ ወንድሜ የወረደልኝ ነው። ጥፍሩና ስሙ ግን የራሴ ነበሩ፤ ስለዚህ የማማረር መብት አለኝ።

ነገሩን የቀሰቀሱብኝ በቀደም ሱቄ የገቡ ወጣቶች ናቸው። ደብረ ታቦር ላይ ዶማ፣ አካፋ፣ ሚስማርና ቆርቆሮ እሸጣለሁ። አረንጓዴ ካናቴራ የለበሱ ሰባት ስምንት ልጆች ተንጋግተው ገቡ፤ ጀርባቸው ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ተጽፏል። ስምንት ዶማ ፈለጉ። ዋጋ ተከራከሩኝ፤ አከራካሪዋ አንዲት ቀጭን ልጅ ስትሆን ደህና አድርጋ ነው የተከራከረችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ከገሳይ መንገድ በላይ ካለው የቤተ ክርስቲያን ደን የሚወርደውን የእግር መንገድ ሐሙስ ሊጠግኑ፣ ዳሩንም ችግኝ ሊተክሉበት መሆኑን ነገረችኝ። የቤተ ክርስቲያኑን ስም ስትጠራ የልጅነቴን መንገድ ማለቷ መሆኑ ገባኝ።

«ማን ያበላችኋል?» አልኳት።

«ማንም። ውሃ ይዘን ነው የምንሄደው።»

«ደቦ በውሃ?»

«ደቦ አይደለም፣ ጋሼ። በጎ ፈቃድ ነው።»

ዋጋውን ቀነስኩላቸው። ይህን ያየው የጎረቤት ባለሱቅ ብቅ ብሎ ታምሜ እንደሆነ ጠየቀኝ።

ልጅ እያለሁ በእኛ ሰፈር በጎ ፈቃድ የሚባል ነገር አልነበረም። ሥራው ነበረ፤ ስሙ ነው ያልደረሰን። ለብቻው የማይገፋው ሥራ የገጠመው ሰው ደቦ ይጠራል። ጎረቤት ሁሉ መሣሪያውን ይዞ ይመጣል፣ እየዘፈነ ይሠራል፣ የጠራው ሰው ደግሞ ያበላል፣ ያጠጣል። ደመወዝ የለ፣ ፊርማ የለ። ሕጉ ግን ጠንካራ ነው። ደቦ ጠርቶ ሰውን በደረቁ የመለሰ ሰው ስሙ ገበያ ድረስ ይወርዳል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቢጠራ የሚመጣለት የገዛ ውሻው ብቻ ነው።

ሰፈራችን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሲኬድ ከመኪናው መንገድ ከፍ ብሎ ነው። ትምህርት ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር። በመካከሉ የቤተ ክርስቲያኑ ደን አለ፤ ጥዱ፣ ወይራው፣ ኮሶው ተደጋግፎ ቀትር ላይ እንኳ እንደ ምሽት ያጨልማል። በደኑ ጥግ የምትወርደዋ የእግር መንገድ የሁላችንም ነበረች፤ ለትምህርት ቤት፣ ለምንጩ፣ ለቅዳሴ፣ ለገበያ። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል የዚያች መንገድ ሽታ፣ የራሰ አፈር፣ የጥድ ሙጫ፣ በእግር የተረገጠ ዳማከሴ፣ አሁንም ሱቄ ውስጥ ቆርቆሮ መሐል ቆሜ ድንገት ይመጣብኛል። እኛ ልጆች ከላይ እስከ ታች በቂጣችን እየተንሸራተትን እንወርድባት ነበር። ጎርፉም እንዲሁ። በየክረምቱ ይሸረሽራታል። እኔ አምስተኛ ክፍል ስደርስ ከጎኗ የተከፈተው ቦረቦር ጎልማሳ ሰው የሚውጥ ሆኖ ነበር። አፋፉ ላይ የቆመው ትልቁ ወይራ ሥሩ ግማሽ በግማሽ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። በዚያው ክረምት መንገዷ ከተቆረጠች ትምህርት ቤት ለመድረስ ተራራውን መዞር ሊኖርብን ነው።

ጥፋቱ ግን የጎርፉ ብቻ አልነበረም። ከመንገዷ በላይ በኩል የአያ ደረበ ማሳ አለ። አያ ደረበ ጥሩ ገበሬ፣ ጥሩ ዘፋኝ፣ ጥሩ ጠጪ ነበሩ። በየዓመቱ ሲያርሱ ከመንገዷ አንድ ሁለት ትልም ወደ ራሳቸው ይጨምራሉ። ሰው ሲጠይቃቸው፣ «በሬው ነው የሳተው» ይላሉ። በሬው ሁልጊዜ የሚስተው ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር።

የፈተናው ሰሞን ሲያልቅ የአካባቢ ጥበቃ ክበባችንን ቲቸር ማርቆስ ሰበሰበ። ከደቡብ የመጣ ወጣት መምህር ነው፤ አማርኛው ከእኛ ይልቅ የመጽሐፍ ነበር። ሐሙስ መንገዷን እንጠግናለን፣ ትምህርት ቤቱ ያፈላቸውን ሠላሳ ስድስት ችግኞችም እንተክላለን አለን። «እናንተ ደግሞ በየሰፈራችሁ ዞራችሁ በጎ ፈቃደኞች ጥሩ። ማንንም አታስገድዱ። አምስት ሰው ቢመጣ በቂ ነው።» እኔ በክበቡ ውስጥ አፈኛ ተብዬ ስለምታወቅ የእኛ ሰፈር ለእኔ ተሰጠ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ሮጬ ነው የወጣሁት።

መጀመሪያ የገጠሙኝ አያ ደረበ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ ሞፈር ይጠርባሉ።

«አያ ደረበ፣ ሐሙስ ለመንገዱ በጎ ፈቃድ አለ፤ ይመጣሉ?»

«በጎ ፈቃድ ምንድን ነው? የመንግሥት ነው የቤተ ክርስቲያን?»

«የማንም አይደለም።»

«እንግዲያ ማንም አይመጣም» አሉና ወደ ሞፈራቸው ተመለሱ።

ሁለተኛው ቤት እንደዚያው። ሦስተኛው ቤት ውሻ ለቀቁብኝ። ከአጥሩ ሥር ተቀምጬ አሰብኩ። ዕቃው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ስሙ ነው። ዛሬ ሱቅ ውስጥ የማደርገውን ሁሉ የተማርኩት በዚያች ደቂቃ ይመስለኛል። ተነሥቼ አራተኛውን ደጅ አንኳኳሁና፣ «ሐሙስ ደቦ አለ! ዶማና አካፋ ይዛችሁ ኑ!» አልኩ።

«የማን ደቦ?» አለች ሴትዮዋ።

«የእኛ!»

እኛ ስል የክበቡን ልጆች ማለቴ ነበር። እሷ የሰማችው ግን የእኛን ቤት ነው። «ለማክሰኞ አልነበር እንዴ የተባለው?» አለችኝ። «ይሄ የሐሙሱ ነው» አልኩ። ውሸት አልነበረም። ከዚያ በኋላ አንድም ደጅ እምቢ አላለኝም። በየቤቱ «እሺ፣ እንመጣለን» ሲሉኝ ክንፍ አውጥቼ ነበር። ምን እንዳደረግሁ ጭራሽ አልገባኝም ነበር ብል ግን አሁን በዚህ ዕድሜዬ ውሸት ይሆንብኛል። ገብቶኝም አልቆምኩም።

ማክሰኞ የተባለው የእናቴ ደቦ ነበር። አባቴ የሞተው እኔ ገና በደንብ ሳላውቀው ነው፤ ታላቅ ወንድሜም ሥራ ፍለጋ እብናት ወርዶ ነበር። በሬ የለንም። የስንዴው ማሳ በዓመት አንዴ የሚታረስልን እናቴ ደቦ ጠርታ፣ ጎረቤት ጥማዱን ይዞ ሲመጣ ነው። ያ ቀን ካለፈ ዝናቡ ያልፋል፤ ዝናቡ ካለፈ ማሳው ጾሙን ያድራል፤ እኛም እንዲሁ። ስለዚህ እናቴ ከወር በፊት ብቅሏን አብቅላ፣ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ሁለት ጋን ጠንስሳ ጓዳ ውስጥ አስቀምጣለች። ማንም ክዳኑን እንዳይነካ ታዝዟል። ሌሊት ሌሊት ሲፈላ ከመደቡ ላይ ሆኜ እሰማው ነበር።

ሐሙስ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ሳይነሣ፣ ደጃችን በሰው ተሞላ። ዶማ የተሸከመ፣ አካፋ ያነገበ፣ ቅርጫት የያዘች፤ ሠላሳ ምናምን ሰው። ከፊት አያ ደረበ ናቸው፣ የሰፈሩን ትልቁን ዶማ ይዘው። እናቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወጣችና ፊቷ አመድ መሰለ።

«ማን ሞተ?» አለች።

«ኧረ ማንም! ደቦሽ ነው እንጂ፣ የሺ» አሉ አያ ደረበ።

«ደቦዬማ ማክሰኞ ነው።»

«ልጅሽ ሐሙስ ብሎ ሰፈሩን ዞሯል አሉኝ። መቼም የማሳሽን ውሃ ልታስቀይሺ ነው ብለን ዶማ ይዘን መጣን።»

እናቴ ዞራ አየችኝ። እንደዚያ ያለ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ያየሁት አንዴ ብቻ፣ ግብር ሊጠይቀኝ በመጣ የገቢዎች ሰው ፊት ላይ ነው። «የመንገዱ ደቦ ነው፣ እማ» አልኩ። «የትምህርት ቤቱ። በጎ ፈቃድ።» ከሰዉ መሐል አንዱ ሳቀ፤ አንዷ «ጉድ ፈላ» አለች። ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ ጓዳ ውስጥ ሁለት ጋን እንዳለ ያውቃል። ሰዉን ብትመልሰው ደቦ መላሽ ተብላ መቅረቷ ነው። ጠላውን ብትከፍተው የማክሰኞው እርሻ ደረቁን ሊቀር ነው።

እናቴ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። ገበያ ውስጥ ብዙ ነጋዴ አይቻለሁ፤ እንደዚያን ዕለት ጠዋት እንደ እሷ ያለ ግን አላየሁም።

«ስሙኝ» አለች። «መንገዷ የእኔ ብቻ አይደለችም፤ እናንተም ትረግጧታላችሁ። ልጄ በስሜ ጠርቷችኋል፣ ስለዚህ ዛሬ አጠጣለሁ። ያለኝ ሁሉ ግን ይኸው ነው። ዛሬ መንገድ በጉሽ፣ ማክሰኞ እርሻ በውሃ። ይህ የማይስማማው አሁኑኑ ዶማውን ይዞ ይመለስ።»

ማንም አልተመለሰም። ማንም ደግሞ ለማክሰኞ ቃል አልሰጠም። ወደ ዶማቸውና ወደ መሬት ነው ያዩት። እናቴም አይታለች።

የዚያን ቀን ደስታ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ወደ መንገዷ ስንወርድ ከኋላዬ የሚረግጠው እግር ብዛት መሬቱን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ነኝ የጠራኋቸው! ወንዶቹ ከላይ ጀምረው ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ሲቆፍሩ፣ ሴቶቹ ከወንዙ ድንጋይ ሲያመላልሱ፣ እኛ ልጆች ተሰልፈን ከእጅ ወደ እጅ ስናቀባብል፣ የቦረቦሩ አፍ በዓይናችን እያየን ይጠብ ጀመር። አያ ደረበ አንድ ዘፈን ያወጣሉ፣ ሌላው ይቀበላል፣ ዶማው ሁሉ እኩል ይነሣል እኩል ይወርዳል። በመጨረሻም ወደ እኔ ዞሩና፣

ደቦ ጠሪው ጌታ ብቅ ይበል እንየው፣
ከዶማው እጀታ በስንዝር ያነሰው!

አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም በኩራት የያዝኩትን ድንጋይ ረስቼ ለቀቅኩት። አውራ ጣቴ ላይ አረፈ። ጥፍሬ የሄደው ያኔ ነው። አላለቀስኩም፤ ደቦ የጠራ ሰው አያለቅስም ብዬ አሰብኩ። ጫማዬን ደግሞ እያነከስኩ ጭቃ ውስጥ ስገባ ቦረቦሩ ወሰደው፤ እላዩ ላይ ድንጋይ ከመሩበት። እስከ ዛሬ መንገዱን ደግፎ እዚያው አለ።

ሦስት ሰዓት ላይ ቲቸር ማርቆስ ችግኙን ያሸከማቸውን ልጆች አስከትሎ ደረሰ። አምስት ሰው ሲጠብቅ ሠላሳ ምናምን ሰው እየዘፈነ ሲቆፍር አገኘ። ደብተሩን እንደያዘ ቆመ።

«እነዚህ ሁሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው?»

«አዎ ቲቸር።»

እናቴ በጣሳ ጉሽ አቀበለችው። ጉሽ ያልተጣራ፣ በደንብ ያልደረሰ ጠላ ነው፤ ሆድ ይነፋል፣ ጉልበት ግን ይሰጣል። ቲቸር ጣሳውን አየና፣ «ለበጎ ፈቃደኛ ጠላ ይሰጣል እንዴ?» አለ።

«ያለ ጠላ ፈቃዱ ከየት ይምጣ፣ መምህር?» አሉ አያ ደረበ።

ቀትር ላይ ድንች ወጡና ንፍሮው ቀረበ። እናቴ በተራ እየቀዳች አያ ደረበ ዘንድ ስትደርስ ጣሳውን ሞልታ ያዘችው እንጂ አልሰጠቻቸውም።

«አያ ደረበ፣ ቦዩ ተቆፈረ፣ ድንጋዩ ተደረደረ። ችግኙ ግን የት ይተከል? መንገዱ ዳር የለውም።»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ የሺ።»

«ስንት ትልም ነው የወሰዱት?»

«በሬው እኮ ነው የሳ...»

«በሬውን አይደለም የጠየቅሁ።»

ሠላሳ ሰው ማኘኩን አቆመ። አያ ደረበ ጣሳውን አዩ፣ ማሳቸውን አዩ፣ እንደገና ጣሳውን አዩ። አረፋው እየወረደ ነበር። በመጨረሻ ተነሡ፣ ከመንገዷ ጠርዝ ወደ ማሳቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ረጅም እርምጃ ተራመዱና ዶማቸውን መሬት ላይ ተከሉት። «እዚህ ድረስ የመንገድ ነው። አሁን አምጪው!» አሉ። የተነሣው እልልታ ደኑ ውስጥ ያለውን ጉሬዛ ሁሉ አስጮኸው። ሠላሳ ስድስቱን ችግኝ፣ ወይራውን፣ ኮሶውን፣ ጥዱን፣ በዚያች ሦስት እርምጃ ላይ ተከልን። የተንጠለጠለውን የትልቁን ወይራ ሥርም በአፈር አለበስነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ማንም ወደ ቤቱ አልሮጠም። ዝናቡ ጣለ፤ እንደቆምን ደበደበን፤ ከላይ ጎርፉ እያጓራ መጣ። ቦዩ ጋ ሲደርስ ትንሽ አመነታ፣ ከዚያ ታጠፈ! እንደታዘዘ በሬ ዞሮ በቦዩ ወደ ወንዙ ወረደ። አዋቂ ሰዎች እየተቃቀፉ ጭቃ ውስጥ ሲዘሉ አየሁ። ቲቸር ማርቆስ ደብተሩን ጥሎ ነበር። እኔ በአንድ ጫማ፣ እየደማሁ፣ የዓለም ጌታ ነበርኩ።

ቤት ስንገባ ሁለቱን ጋኖች ተሟጠው ተደፍተው አገኘኋቸው። እናቴ አልመታችኝም። የባሰ ነገር አደረገች። ከዚያች ምሽት ጀምሮ ሁለት ሳምንት ስሜን አልጠራችም። «ደቦ፣ ውሃ ቅዳ። ደቦ፣ እንጨት አምጣ» ነው የምትለኝ። ሰፈሩም ከእሷ ተቀበለ።

ማክሰኞ ከሌሊቱ ጀምሬ ደጅ ላይ ተቀመጥኩ። የሚፈላ ጠላ ስለሌለ ጓዳው ጭር ብሏል። ፀሐይ ወጣች። ማንም የለም። እናቴ ዘሯን በቁና ሰፍራ ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ወደ እኔ አታይም። የሆነ ጊዜ ላይ የቀንበር ድምፅ ሰማሁ። አያ ደረበ ናቸው፣ በሬዎቻቸውን እየነዱ፣ እየተራገሙ። «መሬቴን ወስዳችሁ ደግሞ በሬዬን! በውሃ! በእግዜር ውሃ!» ከኋላቸው ሌሎች ሦስት ጥማድ መጣ። ዘጠኝ ነበር የምትጠብቀው፤ አራት መጣ። ቲቸር ማርቆስ በሬ ስለሌለው በዱላ ጓል ሲከሰክስ ዋለ፤ መዳፉ ተላልጦ ለአንድ ሳምንት ጠመኔ መያዝ አቃተው። ማሳው ግን አላለቀም። ሩቡ ሳይታረስ ቀረ። እሱን እኔና እናቴ በዶማ ቆፍረን ድንች ተከልንበት፤ በየቀኑ፣ ዝናብ ለዝናብ፣ ጥፍር በሌለው ጣቴ። ያን ዓመት ስንዴው አነሰን፤ ድንች በላን፣ በጣም ብዙ ድንች። ክረምቱን ሙሉ ግን በመንገዷ ተመላለስኩ። አልተቆረጠችም።

ዛሬ እናቴ ከእኔ ጋር ደብረ ታቦር ነው የምትኖረው። ባለካናቴራዎቹ ሱቅ የገቡ ዕለት ማታ ነገሩን ስነግራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ማን ያበላቸዋል?» ብላ ነው። ውሃ ይዘው እንደሚሄዱ ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች። የማኅበሯ ጠላ ጓዳ ውስጥ ነበር፤ አልደረሰም። ሐሙስ ጠዋት ራሷ ከፈተችው። ሁለት ቢጫ ጄሪካን ሞላን፣ ባጃጅ ላይ ጫንን፣ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጠች።

ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። በስልክ ሙዚቃ ከፍተው ይቆፍራሉ፤ ዶማው ግን እኩል አይወርድም፣ ሁሉም በየራሱ ነው። እኛ ማንም ሳይመዘግበን ሠላሳ ሆነን መጣን፤ እነሱ ተመዝግበው፣ ካናቴራ ተሰፍቶላቸው ስምንት ናቸው። ግን ደግሞ እኛ ለጠላ መጣን፣ እነሱ ለውሃ። የትኛው እንደሚበልጥ አልወሰንኩም። ጉሹን ሲቀምሱ ቀጭኗ ልጅ ፊቷን አጨማደደች፤ ሁለተኛ ግን ጠየቀች። ወዲያው ሙዚቃውን ዘግተው መዝፈን ጀመሩ።

አያ ደረበ ካረፉ ቆይተዋል። ልጃቸው ከማሳው ብቅ ብሎ ሰላም አለን። እናቴ ከመንገዱ ጠርዝ፣ ከመጀመሪያው ወይራ ተነሥታ በምርኩዟ እየለካች ወደ እሱ ማሳ ሄደች። አንድ፣ ሁለት... ሦስተኛው እርምጃ አልሞላም።

«አንድ ትልም ገብተሃል» አለችው።

«እማማ የሺ፣ በሬው ነው የሳተው።»

እናቴ ጣሳውን ሞልታ ያዘችው እንጂ አልሰጠችውም። አረፋው ትንሽ ወረደ። ከዚያ ልጁ እየሳቀ ዶማ አነሣ።

ሠላሳ ስድስት ተክለን ነበር። ዞሬ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ ቆመዋል። መንገዱ ሦስት እርምጃ ነው። ጥፍሬ ጠምሞ በቅሏል። ስሜ ደቦ ነው።